ከፈረሱ ኮቴ ሥር

የዘይት ቀለም ሽታ አንዳንዱን ሰው ራሱን ያዞረዋል፤ እኔን ግን ጥርሴን ያስነክሰኛል። ዘንድሮ ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ከልጄ ከሶስና ጋር ከደብረ ብርሃን ተነሥተን፣ መሐል ሜዳ ላይ ሚኒባስ ቀይረን፣ ወደተወለድኩባት ትንሽ ከተማ ስንገባ መጀመሪያ የተቀበለን ይኸው ሽታ ነበር። አደባባዩ ላይ የቆመውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሐውልት ለበዓሉ ብለው እንደገና ቀብተውት፣ የፈረሱ ነጭ ቀለም ገና አልደረቀም። ሶስና ስልኳን አወጣችና «እማዬ፣ እዚያ ጋ ቁሚ፣ ፈረሱም እንዲገባ፤ ትንሽ ፈገግ በይ እንጂ» አለችኝ። ቆምኩላት፤ ፈገግ ግን አላልኩም። ፈረሱ የኋላ እግሩን ያሳረፈበት ቦታ ምን እንደነበረ ልጄ አታውቅም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ልጅ ሳለሁ አደባባይ የሚባል ነገር አልነበረም። አስፋልትም፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴልም አልነበረም። እዚያ የነበረው የኛ ቤት ነው። ግድግዳው የድንጋይ ካብ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ በሩ ዝቅ ያለ፤ ረጅም እንግዳ ሲመጣ ጎንበስ ማለት ረስቶ ግንባሩን ሲገጭ እኔና በጎቹ አብረን የምንደነግጥበት ቤት። ክረምት ሲገባና ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ሰፈሩን ሲሸፍነው የረጠበ የበግ ጸጉር ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ እናቴም ከምድጃው ጥግ ተቀምጣ ጸጉሩን እየፈተለች፣ እንዝርቷ ሲዞር የሚያሰማውን ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። አባቴን ብዙም አላስታውሰውም፤ ገና ሳልጠግበው ነው የሞተው። እናቴን ሰው ሁሉ እትዬ በለጡ ይላታል፤ የፈተለችውን ክር ባና የሚባለውን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች እየሰጠች ነበር የምታሳድገኝ፤ የመንዝን ብርድ የሚችል ወፍራም ባና ያለ እሷ ክር አይሠራም ብዬ በየሰፈሩ እኩራራ ነበር።

ከአጥራችን ጥግ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው። ማን እንዳስቀመጠው የሚያውቅ የለም። ከዚያ መታጠፊያ ነው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በጽዶቹ መካከል መጀመሪያ ብቅ የሚለው፤ ስለዚህ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እዚያ ይሳለማል፤ ስሙም መሳለሚያ ነው። ገብስ የጫነ አህያውን አቁሞ፣ እንጨት ያዘለች ጭነቷን አውርዳ፣ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ያልፋል። ወደ ቅጽሩ መግባት የማይፈቀድላት ባለ ወር አበባ፣ ከቅዳሴ ያረፈደ፣ እግሩ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የማያደርሰው ሽማግሌ፣ ሁሉም ለጊዮርጊስ የሚነግረውን እዚያ ይነግራል። ቅዳሜ ከገበያ ሞቅ ብሎት የሚመለስ አንድ ጎረቤታችን ነበር፤ ድንጋዩን አቅፎ ሚስቱን ሲከስ ያመሽና ሚስቱ ራሷ መጥታ ታነሣዋለች። ከቆላ ጨርቅ ይዞ የሚወጣው ሙስሊም ነጋዴ እንኳ ሰው ተንበርክኮ ካየ በቅሎውን ይዞ ይጠብቃል፤ «የሰው አቤቱታ መሐል አይታለፍም» ይላል። ድንጋዩ ከስንት ዘመን ግንባርና ከስንት ሴት የተቀባ ራስ የጠጣው ቅቤ አውዝቶት ያብረቀርቅ ነበር። እኔ በልጅ አእምሮዬ ከሥሩ ቀዳዳ ያለ፣ ጊዮርጊስም በዚያ በኩል ጆሮውን ሰጥቶ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጆሮዬን አስጠግቼ ባዳምጥ የሰማሁት የጉንዳን ኮሽታ ነው፤ ቢሆንም እምነቴ አልቀነሰም።

ጋሽ ላቀው የሚባል ሰው ወደ ልጅነቴ የገባው በዚህ ድንጋይ በኩል ነው። ቤታቸው ከኛ አጥር በላይ ነበር። የተወለደ ጊዜ እናቱ ወገቧን ታማ ስለነበር በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤቱ ያዘለችው እናቴ ናት፤ ያኔ ገና ልጃገረድ ነበረች። ካደገም በኋላ ከቤታችን ምሳ ያልበላበትን ቀን ቢቆጥሩት ጥቂት ነው። ታዲያ የከተማ ቦታ መለካት የተጀመረ ጊዜ፣ ቀበሌው የእያንዳንዱን ግቢ ባለቤት ከጎረቤት ሲያጣራ፣ ይህ እናቴ ያዘለችው ሰው ተነሥቶ ግቢው የአባቱ ነው፣ የሷ ባል ጥገኛ ነበር አለ። ነገሩ ለሽማግሌዎች ተመለሰ። ሽማግሌዎቹም «ማል» አሉት። መስቀሉን ጨብጦ ማለ።

እኔ እዚያ ነበርኩ፤ የእናቴን ቀሚስ ይዤ። ሲምል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አንገታቸውን ደፉ፤ ከመሐላ በኋላ ምን ይባላል? ቤቱን ለቅቀን ከአንድ ልብስ ሰፊ ጓሮ ጠባብ ክፍል ውስጥ ገባን። የጓሳ ክዳናችንን ሲያፈርሱት ከሩቅ አየሁት፤ ሣሩን ለራሳቸው በጎች ጉዝጓዝ አደረጉት። ይህንን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም፤ እንደማልልም ያኔውኑ አውቄው ነበር።

በወሩ ሃያ ሦስት፣ የጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት፣ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ድንጋዩ ወሰደችኝ። ነጠላዋን ሐዘን እንዳለበት ሰው አዘቅዝቃ ነበር። በኛ አገር አቅም ያጣ ሰው የበደለውን ለታቦት ይከሳል፤ «ሰጥቼዋለሁ» ይላል። የክሱን ሥርዓት ከትንሽ እስከ ትልቅ ያውቀዋል። ተከሳሹ የሚጠራው ሰው በሚያውቀው ስሙ ሳይሆን በክርስትና ስሙ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው የክርስትና ስሙን ለማንም የማይናገረው። ከሳሹ ቢሞት እንኳ ክሱ እንዳይሞት ልጅ ምስክር ሆኖ እጁን ያኖራል። የሚነሣውም ከተጣለበት ቦታ ብቻ ነው፤ በዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይመጣል፣ ከሳሹም ወይም ምስክሩ እጁን እዚያው ላይ አኑሮ «አንሥቻለሁ» ይላል። እናቴ ተንበረከከች። መዳፌን ወስዳ ከግንባሯ አጠገብ፣ ከቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና እንዲህ አለች፦

«ፈረሰኛው፣ ኃይለ ጊዮርጊስን ሰጥቼሃለሁ። መቼ አልልህም፣ እንዴት አልልህም። ይህች ልጄ ምስክሬ ናት።»

ስሙን የምታውቀው ስላዘለችው ነው፤ ቄሱ ስም ሲያወጡለት የሰማችው እሷ ናት። በራሱ በጊዮርጊስ ስም የተጠራ ሰው ለጊዮርጊስ ተሰጠ። ቆይተው የነፍስ አባቷ ሰምተው «በለጡ፣ ለጠላት መጸለይ እንጂ መርገም አይገባም» ብለው ሲቆጧት እናቴ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ «አልረገምኩም አባቴ፤ ከሰስኩ እንጂ» አለቻቸው።

ከዚያማ መጠበቅ ሆነ። የልጅነቴን ግማሽ የፈጀሁት የጋሽ ላቀውን ጣራ በማየት ነው። ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር ወደ ደጅ እሮጣለሁ፤ መብረቁ ባሕር ዛፉን እየመታ፣ ማንንም ያልበደለ ሰው ላም እየገደለ፣ የሱን ቆርቆሮ ዘልሎ ያልፋል። በረዶው የሁሉን ገብስ ሲያስተኛ የሱን ያስተኛል፤ ግን ከሁሉ እኩል ነው፤ እኔ የፈለግኩት ለብቻው ነበር። አንድ ዓመት ጥርሱን ታሞ ጉንጩ አብጦ ገበያ ሲዞር ሳይ በደስታ እየበረርኩ ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷ ግን ክሯን ሳታቋርጥ «ጥርስ ቅጣት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው» አለችኝ። በቅሎው ገደል የገባች ጊዜ ደግሞ አዘነች፤ «ጊዮርጊስ በቅሎ አይቀጣም፤ በቅሎዋ ምን አደረገች?» ብላ። እሱ ወፈረ። አይሱዙ ገዛ። ልጆቹ አማረባቸው። ሰፈርተኛው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ሲተርተን፣ እናቴ «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም» ትላለች፤ እኔ ደግሞ በሆዴ ቢቆርጥ ምን አለበት፣ ደግሞም ወፍራም በትር፣ እላለሁ።

በየወሩ ሃያ ሦስት ወደ ድንጋዩ እንሄድ ነበር፤ ክሱን ለማደስ አይደለም፤ ክስ አይታደስም። እንዳለ ለማየት ነው። የግቢያችን አጥር በሱ አጥር ተተክቷል፤ ጓሯችን የነበረው የኮሶ ዛፍ ተቆርጧል። ድንጋዩ ግን የማንም ስላልነበረ የነካው አልነበረም። በዚያች ከተማ ውስጥ ለእናቴ የቀራት ቦታ ያ ብቻ ነበር፤ ግንባሯ የሚያርፍበት ያህል ብቻ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ጋሽ ላቀው ከፊት ይቆማል፣ ጃንጥላ ያስገባል፣ ስሙ ይጠራል። መሳለሚያው ላይ ግን ፊትና ኋላ የለም፤ ሁሉም በየተራው ጎንበስ ይላል። ድንጋዩ ራሱ የሚታይ ነገር የለውም፤ መልክ የለው፣ ቀለም የለው። አንገትህን ወደ ጽዶቹ መልሶ «ወደዚያ እይ» ከማለት በቀር ሥራ አልነበረውም።

እኔ አደግሁ፤ መምህርት ሆኜ ደብረ ብርሃን ተመደብኩ፤ እናቴንም ወሰድኳት። አስፋልቱ ወደ ከተማችን የገባ ዓመት ነው ወሬው የመጣልን። ጋሽ ላቀው በግቢያችን ላይ ሆቴል ሠርቶ፣ ፊት ለፊቱ ባለው አደባባይ ደግሞ በራሱ ኪስ የጊዮርጊስን ሐውልት አቆመ አሉን። ቦታው የት እንደሆነ ስንጠይቅ መሳለሚያው ላይ ነው። ድንጋዩን እንዲነቅሉ የቀን ሠራተኞችን ቢያዝ አንድም እጁን የሚያነሣ ስለጠፋ፣ እንዳለ ኮንክሪት አፈሰሰበት። ለታቦቱ ክብር ነው ይላል። ሰዎች ግን በየሃያ ሦስቱ ከሰገነቱ ቁልቁል ድንጋዩን ሲያይ መዋል ጀምሮ ነበር፣ እንቅልፍ ነስቶት ነበር ይላሉ። ክሱን የደበቀው መስሎታል። ይህን ስነግራት እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እስክታስል ሳቀች። አእምሮዋ የደከመ መስሎኝ ደነገጥኩ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ይሁን፤ ይሁን» ብቻ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።

ሐውልቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከሞተች በኋላ ነው። ሠሪው ከዚያ በፊት ለየሆቴሉ በር አንበሳ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው አሉ፤ እውነትም ፈረሱ ፊቱ አንበሳ አንበሳ ይላል። ጊዮርጊስ ደግሞ ቅንድቡ ወፍሮ ጋሽ ላቀውን መስሏል፤ ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን እንጃ። ቄሶቹ «ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ምስል ልማዷ አይደለም» ብለው አጉረምርመው ነበር፤ አንዴ ከቆመ በኋላ ግን ጊዮርጊስን አፍርሱ ማለት ለማን አፍ ይመቻል? መሠረቱ ሰፊ ነው፤ ዙሪያውን ሰንሰለት አለው። ከመታጠፊያው ላይ ጉልላቱ አይታይም፤ የሚታየው የፈረሱ ደረት ነው። ወጣቱ ለሐውልቱ ይሳለማል፤ አዛውንቱ ዞረው ከቦዩ ዳር ቆመው፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሆኖ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ፍለጋ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። አቤቱታ ያለው ሰው የት ይንበርከክ? ሰንሰለቱ ጋ? ያ ድንጋይ ሰውን ወደ ሌላ ይመራ ነበር፤ ይህኛው «እኔን እዩኝ፣ ያሠራኝንም እዩ» ይላል። ይህን ሳይ ውስጤ የተቃጠለው ለራሴ ብቻ አልነበረም።

ወደ ዘንድሮው ልመለስ። ሶስና ፎቶዋን አንሥታ ውሃ ልትገዛ ስትሄድ፣ ከሆቴሉ ሰገነት ላይ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን እየተደገፈ ወረደ። ጋሽ ላቀው ነው። ያ ወፍራም ሰው አልቋል፤ ኮቱ ብቻ ቀርቷል። ዓይኑ ግን አወቀኝ። ጫንቃው ላይ፣ በጋቢው ጥቅልል ውስጥ፣ ጡጫ የምታክል ድንጋይ ነበረች። መምጣቴን ሰምቶ ከማለዳ ጀምሮ ሲጠብቅ ነበር።

«የበለጡ ልጅ» አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «የነፍስ አባቴ ከሰው ጋር ያለህን ጨርሰህ ና ብለው መለሱኝ። መሞት አቃተኝ ልጄ፤ እንቅልፍም ሞትም እምቢ አለኝ። ማልኩ፣ በሐሰት ማልኩ። ድንጋዬንም ይኸው ተሸክሜያለሁ። አንሺልኝ።»

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነው! ልጅ ሆኜ መብረቅ የለመንኩለት ሰው፣ ከኔ ከአጭሯ ሴት ፊት ጎብጦ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይህኛው ግን አልረሳም ነበር፤ ያ ደግሞ ደስታዬን እጥፍ አደረገው።

«እናቴ የት ነበር የከሰሰችዎ፣ ጋሽ ላቀው?» አልኩት። አንቱታውን አልነፈግኩትም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ነው።

«እዚሁ።»

«እዚህ የት?»

ከዘራውን አነሣና ወደ ፈረሱ የኋላ ኮቴ አመለከተ።

«ክስ ከተጣለበት ነው የሚነሣው፤ ይህን እርስዎ ያውቃሉ። ድንጋዩን ያውጡልኝ። እጄን አኑሬ አሁኑኑ አነሣለሁ።»

የእናቴ ሳቅ ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰውዬው የምሕረቱን በር በገዛ ኮንክሪቱ ዘግቶታል። ሽማግሌው ወደ ሐውልቱ ቀና አለ፤ አዲሱ ነጭ ቀለም በፀሐይ ያንጸባርቃል፣ ከሥሩ አንዲት ሴት ሕፃኗን ታሳልማለች።

«ጊዮርጊስን ላፍርስ?» አለ ቀስ ብሎ። «በበዓሉ? አገሩ ምን ይለኛል? ማንስ ዶማ ያነሣልኛል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ያሠሩት እርስዎ ነዎት።»

ድንጋይዋን ከጫንቃው አውርዶ የት እንደሚያስቀምጣት ዞር ዞር ብሎ ፈለገ፤ ሰንሰለቱ አላስገባው አለ፤ መልሶ ተሸከማት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ጥዬው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ፤ ዞሬም አላየሁትም።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ሚኒባሱ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ለሐውልቱ አማተበ። እኔ እንደ ልማዴ አንገቴን ወደ ጽዶቹ መለስኩ፤ ያየሁት የፈረስ ደረት ነው። እናቴ ስትከስ ድንጋዩ ላይ ያኖረችው መዳፌ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ጠዋት የቀመስኩት ማር ከአፌ ጠፍቶ ነበር። ቤቱን አላወረስኳት፣ ግቢውን አላወረስኳት፤ ለልጄ የማወርሳት አንድ የክርስትና ስም ብቻ እንደቀረኝ ድንገት ታወቀኝ። ሶስና ፎቶዋን እያየች «ለምንድን ነው እንዲህ የተኮሳተርሽው?» ብትለኝ ነገርኳት፤ ስለ ጓሳው ክዳን፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ድንጋዩ፣ እናቴ እጄን ስለያዘችበት ጠዋት፣ ሽማግሌው ስለ ተሸከማት ድንጋይ። ስሙንም ነገርኳት፤ ኃይለ ጊዮርጊስ። እንደ ትምህርት በአፏ ደጋገመችው።

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «እሺ እማዬ» አለችኝ፣ «አንቺ ካለፍሽ በኋላ እኔ ላንሣለት ብልስ የት ሄጄ ነው የማነሣው?»

እናቴ ስትስቅ እሱን አስባ ነው እንጂ እኔን አላሰበችኝም። በሩ ሲዘጋ እሱ ከውስጥ፣ እኔም ከውስጥ ነበርን። ስንት ዓመት የለመንኩት ፍርድ እጄ ገብቶ፣ የማስቀምጥበት ድንጋይ የለኝም።